ፎሊክ አሲድ ይዤ ወደ ፍሪስኮ

ቅዳሜ ጠዋት ከአርሊንግተን ስነሳ ከመኪናዬ ሞተር ቀድሜ የጋልኩት እኔ ነበርኩ። የጉዞዬ ዓላማ ፍሪስኮ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ ለሰናይት ፎሊክ አሲድ የሚባል አንድ ብልቃጥ የቫይታሚን ክኒን ማድረስ ነው። ሰናይት ለመውለድ እያሰበች ነው፤ ሐኪሟም ክኒኑን ከማርገዟ በፊት እንድትጀምር አዛታለች። ከአገር ቤት የመጡት አማቷ እትዬ አሰገደች ግን "ሳይረገዝ የእርጉዝ መድኃኒት ሟርት ነው" ብለው ጋርቤጅ ውስጥ ጣሉት። ይህን ትናንት ኮል አድርጋ ነገረችኝ።

መንገድ

ሀይዌዩ በመኪና ተጨናንቆ ተዘግቷል። ከፊቴ ያለው ትራክ ሾፌሩ ሳይሸብት የሚደርስ አይመስልም። ተናድጄ የሚከፈልበትን የቶል መንገድ ያዝኩ፤ የከፈልኩት ከክኒኑ ዋጋ በለጠ። ፍሪስኮ ደግሞ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ጊዜ የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ ምሳ በልቼ ወጥቻለሁ።

ፍሪስኮ

እትዬ ጎመን ጥደዋል።

"እትዬ፣ ክኒኑን ለምን ጣሉት?"

"ሰው ቢያየው አረገዘች ይላል። የሰው ዓይን መጥፎ ነው፣ ልጄ። እኔ አራት ስወልድ ምን ክኒን ነበረ? ጎመኗን ትብላ።"

"ይሄ ጎመን እንዲህ ሲንተከተክ ቫይታሚኑ ተኖ ድንበር ተሻግሮ ኦክላሆማ ገብቷል።"

"እንጀራም አለላት።"

ደሜ ፈላ። እዚህ አገር ነጭ የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ ይጨመራል። "የፈረንጅ ዳቦ አንነካም" እያልን የምንኮራበት ጤፍ ላይ ግን ማን ጨመረበት? የልጅ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እናትየዋ ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ሆድ ከገፋ በኋላ ቢዋጥ ለዚያ አይደርስም፤ ልጁ ጀርባው ሳይዘጋ ሊወለድ ይችላል። ይህን ሳይጮህ የሚናገር ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ሰናይት ከአጠገባችን ሰሃን ትደረድራለች። ብልቃጡን ከፍቼ አንዱን ክኒን ራሴ ዋጥኩ።

"ምን አደረግህ?" አሉ እትዬ።

"አረገዘ ብለው ለሰው ይንገሩ። ሆዴ ምስክር ነው።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። ያኔ ሰናይት እጇን ወደ ብልቃጡ ዘረጋች።

"እማማ፣ ተደብቄ አልውጥም። እዚሁ ፊትዎ ነው የምውጠው።"

እትዬ የጎመኑን ማማሰያ አስቀመጡ። ከዚያ ውሃ ቀዱላት።

ቤት

እኛ ልጅን መንከባከብ የምንጀምረው ሆድ ሲታይ ነው፤ ልጁ ግን እስኪታይ ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም። ከጉዞው የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ስመለስም ንዴቴ አልበረደም። ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ሰናይት አረገዘች አሉ። ከእኔም ትደብቃለህ?"

"አላረገዘችም።"

"ታዲያ ክኒኑ ምን ያደርግላታል?"

"ስላላረገዘች ነዋ የምትውጠው" አልኳት፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።