የታንኩ ክዳን ቀዳዳ

በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ጥቅምት፣ የቆላ ድባው ነጋ ሚስቱን ይመኙሽን ከቀበረ ወር ሆኖት ነበር። የሽንኩርቱ ችግኝ ዛሬ ካልተተከለ ይደርቃል፤ የጓሮውን መደብ የምታርሰው አሮጌ ትንሽ ትራክተር ግን ትነሳና ወዲያው ትጠፋለች።

ከጎንደር የመጣው መካኒክ ገብረ ሚካኤል መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትቶ አየ፤ እሳት ይሰጣል። ቀጥሎ የቤንዚን ታንኩን ክዳን አላልቶ ሲያስነሳት ሳትጠፋ ቆየች። የሚያስደንቀው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ በክዳኑ ጠባብ ቀዳዳ አየር ካልገባ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይወርድም። ቀዳዳዋ ደግሞ በጧፍ ሰም ተደፍናለች።

«አያ ነጋ፣ ምነው ደፈናችኋት?»

«ይመኙሽ ናት። የክረምቱ ዝናብ እንዳይገባባት ብላ።»

ገብረ ሚካኤል ሰሙን በሽቦ ጠርጎ አወጣና ክዳኑን አጠበቀው። ትራክተሯ ተነሳች፤ አልጠፋችም። ነጋ ደስ እስኪለው ቆሞ ጠበቀ፤ ደስ አላለውም። ችግኙ ፀሐይ ላይ ስለነበር ማረስ ጀመረ።