በጉና የጉድጓዱ ፈቃድ

ሱዳን ውስጥ፣ ባሱንዳ አጠገብ ባለ የሰሊጥ እርሻ ስሠራ ሰውየውን ሦስት ጊዜ አገኘሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አረብኛ ያስተማረኝ የለም፤ ከራዲዮና ከሱቅ ታፔላ የለቀምኩት ነው። ስለዚህ ቃል እንዳይጎድልብኝ እጠነቀቃለሁ።

መጀመሪያ የመጣው የእርሻ ድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኖ ነው። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ፣ የታረዱ በጎች በፒክአፕ ጭኖ። የአረም ወቅት ነበር፤ ፍልሰታ። አብዛኞቻችን ከጎንደርና ከመተማ ቆላ የመጣን ጿሚዎች ነን፤ ጾም ባይሆንም እስላም ያረደውን አንበላም። ቅር እንዳይለው ተሰልፈን ፎቶ ተነሣን። ሥጋውን ዝንብ ሲወረው ዋለ።

ወጥ ቤቱን የሚመሩት ሽማግሌ፣ አባባ የምንላቸው፣ ያን ዕለት ጉድጓድ እንዲቆፈር ለመኑት። የምንጠጣው ከብት ከሚገባበት ሀፊር፣ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ኩሬ ነበር። አብሯቸው የሚሠራው ልጃቸው በተቅማጥ ወድቆ ዳስ ውስጥ ተኝቷል። ሰውየው ድርጅቱ ለመቆፈር ዝግጁ መሆኑን፣ የቀረው የመንግሥት ፈቃድ ብቻ መሆኑን ተናገረ።

በዓመቱ ሰውየውን መንግሥት ሾመው፤ ሙዲር፣ የቢሮ ኃላፊ ሆነ። የአካባቢው የውሃ ጉዳይ በእሱ እጅ ገባ። አባባ ደስ ብሏቸው ገዳሪፍ ቢሮው ድረስ አብረን ሄድን። ሻይ አዘዘልን። አባባን «ያ ሀጅ»፣ ሀጂ ሆይ፣ እያለ አከበራቸው፤ እሳቸውም መስቀላቸውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ ሀጅነቱን ተቀበሉ። ስለ ጉድጓዱ ሲጠየቅ፣ ድርጅቱ ማመልከቻ እንዳላስገባ፣ ባስገባ ቀን እንደሚፈርም ነገረን። ድርጅቱ ውስጥ ሳለ ማመልከቻውን ማስገባት የነበረበት እሱው ራሱ እንደነበር አላነሣሁም። ሥራዬ መተርጎም ነው።

ዘንድሮ ከሹመቱ ወርዶ ወደ ድርጅቱ፣ ወደ ድሮ ወንበሩ ተመለሰ። አሁን ግን ተምሯል። ጾም መፈታቱን አስቀድሞ አጠያይቆ፣ አንድ ሙክት በግ ከነነፍሱ ይዞ መጣ። እናንተው እረዱት አለ። ፎቶ አንሺው ቦታውን ያዘ፤ ከእኛም አንዱ ቢላዋ መሳል ጀመረ። የአባባ ልጅ እንደገና ታሞ ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር። አባባ የበጉን ገመድ ተቀበሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙዲር ሳለ የፈረመውን ይዞ መጣ ወይ በልልኝ።»

ሰውየው አልቸኮለም። «ጥያቄውን ለመንግሥት አቅርበናል።»

ተረጎምኩ። ከኋላ አንዱ፣ አምና ቢሆን እኮ ለራሱ ያቀርበው ነበር አለ፤ ሰዉ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። ገመዱን መልሰው ሰጡት።

«በጉን ይውሰደው። በጉም ውሃ ይጠጣል በለው።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ፎቶ አንሺው ማንሣት ይኑርበት አይኑርበት ግራ ገብቶት መሣሪያውን ዝቅ አደረገ። በጉን መልሰው ጫኑት።

በማግስቱ አባባ ልጃቸውን ደግፈው፣ ቁረይሻ በሚባል ቦታ፣ ቦቴ ውሃ ያመጣል ወደተባለ እርሻ ሄዱ። ምትክ እስኪመጣ ድረስ እኛው በተራ አበሰልን፤ በሀፊሩ ውሃ።