የመምህሬን ስም የጠራሁ ቀን

ዛሬ ልጄ የመመረቂያ ሥራዋን ስታቀርብ አዳራሹን ጥዬ ወጣሁ።

ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምታጠናው፤ ኢምቤድድ ሲስተም በሚባለው፣ ዕቃ ውስጥ በሚገጠሙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ አተኩራለች። የሠራችው ሮቶ ሲሞላ የውኃ ፓምፑን በራሱ የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ ነው። መምህራኑ አጨበጨቡላት።

እኔም በደርግ ጊዜ፣ ጅጅጋ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ በርሜል ሲሞላ የሚጮህ ደወል ሠርቼ ነበር። ሽቦና ባትሪ ሰጥቶ ያሠራኝ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር አየለ ነው።

አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች ቤታችንን ሲፈትሹ ደወሉን አገኙት።

«ይሄ የሬዲዮ መገናኛ ነው። ማን ሰጠሽ?» አለኝ አንዱ።

«የበርሜል ደወል ነው» አልኩት።

«ማን ሰጠሽ ነው ያልኩሽ።»

የመምህሬን ስም ነገርኩት።

በማግስቱ ቲቸር አየለ ትምህርት ቤት አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም። ሚስቱ እቤታችን እየመጣች ከእናቴ ጋር ስታለቅስ፣ ማን እንደጠቆመው ሳልነግራት ወደ ደገሀቡር ተዛወርን።

ደወሉን ግን በሳምንቱ መልሰውልናል። መርምረው ደወል መሆኑን አረጋግጠዋል።

ዛሬ ልጄ ተከትላኝ ወጣች። «እማዬ፣ ሥራዬን አልወደድሽውም?»

ለማንም ያልተነፈስኩትን ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «ልጅ ነበርሽ እኮ» አለችኝ።

እሱም ገና ሠላሳ አልሞላውም ነበር።

እናንተስ፣ ፈርታችሁ የጠራችሁት የሰው ስም አለ? ካለ ጻፉልኝ፤ ይህን ብቻዬን መሸከም ከብዶኛል።