የኬሚስቱ ቀኝ ካልሲ

ኬሚስቱ በጀርም ላይ የማያባራ ጦርነት ካወጀ ቆይቷል። ጀርም ግን አዋጁን የሰማ አይመስልም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጓሮ፣ ቀድሞ የመጥረጊያ ማስቀመጫ በነበረች ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ ተቀብቶ ጀርም የሚገድል፣ ቢያጥቡት ቢፈትጉት የማይለቅ የፖሊመር ሽፋን ሲቀምም ይውላል። ሥራ አስኪያጁ፣ ያው ስብሰባ ከመምራት ሌላ ሥራ ነክቶት የማያውቀው ታላቅ ሰው፣ «ሆስፒታሉ ለአንሶላ ካልገዛን ክፍሏን ለመጥረጊያዎቹ እመልሳለሁ» ብሎታል።

የሙከራ መሣሪያ ቢጠይቅ «በጀት የለም» ስለተባለ፣ ሰውዬው የገዛ እግሩን መሣሪያ አደረገ። ቀኝ ካልሲው ሽፋን የተቀባ፣ ግራው ባዶ። በየሳምንቱ አንድ ላይ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሳይታጠቡ ይለበሳሉ። ወራት አለፉ። ቀኙ ዛሬም አበባ ነው፤ ግራው ሲወልቅ ግን ድመቷ ቤት ትለቃለች።

የሆስፒታሉ ግዢ ኃላፊ በመጣች ቀን ኬሚስቱ በኩራት ጫማውን አወለቀ። ሴትዮዋ አፍንጫዋን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ቀስ ብላም ለቀቀች።

«ሁለቱም አይሸቱም» አለች። «ታዲያ ሽፋኑ ምን ፈየደ?»

ሥራ አስኪያጁ መጥረጊያዎቹን የት እንደሚደረድር በዓይኑ ይለካ ጀመር። ኬሚስቱ በላብ ተጠምቆ ለሚስቱ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገ።

«አንቺ፣ ካልሲዬን ነክተሻል?»

«ታዲያስ! እንግዳ ፊት በዚያ ግማት ልታዋርደኝ ነበር? ትናንት ነው ያጠብኩት!»

«ሁለቱንም?»

«ግራውን ነዋ! ቀኙ ምን አለበት? ስንቴ ፈትጌ አጥቤው ዛሬም አይሸትም። ሳሙና ከሰማይ ይዘንባል እንዴ!»

ኃላፊዋ ሳቋ አመለጣት። «እህቴ፣ ምስክርነትሽ ደስ ይላል። ግን አንሶላ በወሬ አልገዛም። የዛሬ ሳምንት በአፍንጫዬ ላረጋግጥ። እስከዚያ ግራውን እንዳትነኪው፣ አደራ።»

«እሺ እትዬ፣ አልነካም» አለች ሚስት። «እሱም ቤቴ ድርሽ አይልም።»

ኬሚስቱ ሳምንቱን እዚያችው ክፍል፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ እየተኛ ሰነበተ። ኃላፊዋ በቀጠሮዋ ተመለሰች። ቀኙን አሸተተች፤ ምንም። ወደ ግራው ጎንበስ እንዳለች ግን መስኮት ፍለጋ ሮጠች፤ ውሉንም እያሳላት መስኮቱ ላይ ፈረመች።

ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ተነሥቶ ይህ ታሪካዊ ድል የበሳል አመራሩ ውጤት መሆኑን ማብራራት ጀመረ። እንደ ወጉ ቢሆን እስከ ምሳ ሰዓት ይናገር ነበር፤ ኬሚስቱ ግን ገና ጫማውን አላጠለቀም።