ዳገት የሌለበት መንገድ

የእሁዱን መንገድ የሚመርጠው ፊርሜን ነው። ማን እንደሾመው እሱም አያስታውስም፣ የሚሽረውም እስካሁን አልተገኘም። የክለቡ ሰዎች ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ብስክሌታቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፣ ፊርሜን ጓንቱን እያጠለቀ «ዛሬ በዚህ በኩል» ይላል፣ ሌላው ይከተላል። ዤርስ በሚባለው የፈረንሳይ ገጠር ውስጥ መንገድ ሞልቷል። ትልቁ አስፋልት የመኪና ነው፣ ለመኪና ይሁን። የፊርሜን መንገዶች ግን ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ፣ ሁለት ትራክተር ቢገናኝባቸው አንደኛው የሱፍ ማሳ ውስጥ ካልገባ የማያሳልፉ ቀጫጭን መንገዶች ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጣሪያ ላይ ሸክላ ሲደረድር የኖረ ሰው ስለሆነ አገሩን ከላይ ሆኖ አይቶታል፤ የትኛው መንገድ የት እንደሚወጣ ጠይቆ አያውቅም።

ችግሩ አገሩ ሜዳ አለመሆኑ ነው። ኮረብታ ነው፣ ከኮረብታው ኋላ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ኋላ ሌላ ኮረብታ። ብስክሌተኛ ደግሞ ዳገት ካልወጣ እሁዱን እንዳባከነ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ክለቡ አንድ ሕግ አለው፦ ዳገቱን ሁሉም በአቅሙ ይወጣል፣ ቀድሞ የደረሰ አናቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ማንም አይነቃነቅም። በዚህ ሕግ በጣም ይኮራሉ። የጎረቤት ከተማን ክለብ «እነዚያ ሰው ጥለው የሚሄዱት» እያሉ ሲያሙ ነው የሚውሉት።

ሚስቱ ፖሌት ከሞተች ወዲህ ለፊርሜን ቀን የሚባለው እሁድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ዳቦ ሻጯን «አንድ ረጅም፣ በደንብ የበሰለ» ይላታል፣ ቤቱ ገብቶ ሬዲዮኑን ይሰድባል፣ የቀኑ ንግግር በዚያው ያበቃል። እሁድ ግን ጠዋቱን ሙሉ ያወራል፣ ይሳደባል፣ ይሰደባል። ጉዞው ሲያልቅ ሁሉም ከነላባቸው ካፌ ገብተው አንድ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን ይጠጣሉ። ይህን ቢያጣ ምን እንደሚቀረው አንድ ጊዜ ሊያስብ ሞክሮ ወዲያው ትቶታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ከካቻምና ወዲህ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ሐኪሙ መረመረው፣ ክኒን አዘዘለት፣ ብስክሌቱንም ቀስ እያለ እንዲነዳ መከረው። ቀስ ብሎ መንዳት ማለት ኋላ መቅረት ነው። ኋላ መቅረት ደግሞ እንደ አንሴልም መሆን ነው።

አንሴልም ከብት አርቢ የነበረ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጥ የክለቡ ሰው ነበር። ዳገት በመጣ ቁጥር መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ነው። ሲደርስም ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ይቀልዳል። ከዚያ አንድ ጸደይ ላይ ትከሻዬን አመመኝ አለና ቀረ። ትከሻው ነው ተባለ፣ ታለፈ። ሄዶ የጠየቀው የለም፣ ፊርሜንም አልጠየቀውም። አሁን ግን ሌሊት ትንፋሹን ሲያዳምጥ አንሴልም ትዝ ይለው ጀመር።

ስለዚህ ፊርሜን ዓይኑን በጨው አጥቦ መዋሸት ጀመረ። በአካባቢው ትልቁ ዳገት የሳንት ኪቴሪ ዳገት ነው። በመከር የዱር አሳማ አደን አለ፣ በጥይት ትመታላችሁ አለ። በብርዱ ወራት መንገዱ በረዶ ሠርቷል አለ። ከዚያ ደግሞ እግር የሚዘነጥል ውሻ አገኘለት። ክለቡም እሁድ በመጣ ቁጥር በወንዙ ዳር፣ በሜዳው፣ ዳክዬ እያየ ይሄዳል።

አንድ የጸደይ እሁድ እንደተለመደው ተሰበሰቡ።

«ዛሬም በወንዙ በኩል ነው» አለ ፊርሜን። «ሳንት ኪቴሪን እየጠገኑት ነው። ጠጠር በጠጠር ሆኗል።»

«ባለፈው ወርም ጠጠር ነበረ» አለች ዦዚያን። ዦዚያን ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ምላሷ ከምትሸጠው መድኃኒት የሚመር ሴት ናት። «በማንኪያ ነው እንዴ የሚያፈሱት?»

«የመንግሥት ሥራ አይደል። አንዱ ያፈሳል፣ አምስቱ ቆመው ያያሉ።»

ሳቁና ነገሩ ሊያልፍ ነበር። ባስትየን ግን አለ። ባስትየን ከቱሉዝ የመጣ አስተማሪ ነው፣ ክለቡን ከተቀላቀለ ገና ጥቂት ወሩ ነው። አንተ በለኝ ተብሎ ቢለመን ቢለመን እሺ አላለም፤ ጨዋነቱ ደረቅ ነው።

«ይቅርታ ሙሲዬ ፊርሜን» አለ። «ትናንት በመኪና ወጥቼበት ነበር። መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። ምናልባት እርስዎ ካዩት በኋላ ጠርገውት ይሆናል።»

ፊርሜን ጓንቱን አወለቀና መልሶ አጠለቀው።

«እንግዲያው ጨርሰው ሄደዋል ማለት ነው» አለ ሬዢስ። ሬዢስ ሥጋ ሻጩ ነው፣ ጠብ አይወድም። «በሉ ወደ ላይ። አናቱ ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን እኮ ረስታናለች።»

እምቢ የሚባልበት መንገድ አልነበረም። ወጡ።

ዳገቱ ከድልድዩ ማዶ ይጀምራል። መጀመሪያው ሰው ያታልላል፤ ወይን በወይን ነው፣ ጥላም አለው። ፊርሜን ገና ከወይኑ ሳይወጣ የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ላይ ደረሰ። ባስትየን ከዓይን ተሰወረ። ሌሎቹም እያወሩ አለፉት። የሬዢስ ቦርጭ ሳይቀር አለፈው፣ ይህንንስ ቁጭ ብሎ ቢያለቅስበት አይፈረድበትም። ዦዚያን ብቻ ጥቂት አጠገቡ ነዳች።

«ምን ሆነሃል?»

«ካቴናው ነው።»

ዦዚያን ካቴናውን አየች፣ ቀጥሎ ፊቱን አየች፣ ምንም ሳትል ሄደች። ፊርሜን ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ዳክዬ አርቢዎች ከሚኖሩበት ቤት ጋ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ፣ ወረደ። ዳገት ላይ ከብስክሌት ወርዶ እግርን መሬት ማስነካት እዚያ አገር ብስክሌተኛ ዘንድ የሚወራ ነገር አይደለም። ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ሄደ። ልቡ ይመታል። ከላይ የሰዎቹ ሳቅ ይሰማዋል።

መመለስም አማረው። ቁልቁለት ነው፣ ፔዳል እንኳ መምታት አያስፈልግም። ቤቱ ገብቶ ካቴናዬ ተበጠሰ ብሎ መልእክት ይልካል። ለሚቀጥለው እሁድ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ከዚያ የሚቀጥለው እሁድ ትከሻውን ያመዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቀውም፣ እሁድም እንደ ማክሰኞ ይሆናል። ይህ በጣም አስፈራው። ሞት ራሱ እንዲህ አላስፈራውም። መግፋቱን ቀጠለ።

አናቱ ላይ ሲደርስ ሬዢስ አየው።

«ይኸው መጣ። በሉ እንሂድ፣ ላባችን ላያችን ላይ ደርቆ ነፋሱ ሊጨርሰን ነው።»

ከፔዳል ጋር የሚቆላለፉት የብስክሌተኛ ጫማዎች ቀጭ ቀጭ እያሉ ገቡ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሕጉ ጠብቁ ይላል፣ እነሱም ጠብቀዋል። ሕጉ አሳርፉ አይልም።

ፊርሜን ብስክሌቱን ሣር ላይ አጋደመና የቤተ ክርስቲያኗ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው?» አለ ሬዢስ።

«አሁን ነው የደረስኩት።»

«እኛም እኮ ስንጠብቅህ ነበር።»

«እናንተ አርፋችሁ ጨርሳችኋል። እኔ አልጀመርኩም።»

ሬዢስ አንድ እግሩን ከፔዳል አወጣ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ይህን ያህል ዘመን ዳገት ወጥተው፣ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ሳያርፍ እንደሚሄድ አንዳቸውም ልብ አላሉትም ነበር።

«ጠጠርም አልነበረም» አለ ፊርሜን፣ ከጀመርኩት ላይቀር ብሎ። «ውሻውም አልነበረም።»

«ውሻውማ ከሞተ ቆየ፣ እኔ አጥንት የምሰጠው አልነበር» አለ ሬዢስ። «ዝም ያልንህ ሜዳው ስለተስማማን ነው።»

ባስትየን መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ዦዚያን መጥታ ከፊርሜን አጠገብ ተቀመጠች፣ ከጀርባ ኪሷ የደረቀ ፕሪም አውጥታ አንድ ለእሱ ሰጠችው።

«አንሴልምም አንድ ቀን እንደዚሁ ብሎ ነበር» አለች። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም። «እዚሁ፣ እዚህች ደረጃ ጋ። አሁን ነው የደረስኩት አለ።»

«መቼ? እኔ አልሰማሁም።»

«እንዴት ትሰማለህ? አንተ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነበርክ። ቁልቁለቱን ጀምረህ ነበር፣ እኛም ተከተልንህ።»

ፊርሜን ፕሪሙን እንደያዘ ወደ ቁልቁለቱ ተመለከተ።

በማግስቱ ብቻውን ወደ አንሴልም ቤት ሄደ። መንገዱ በሸለቆው በኩል ነው፣ ዳገት የለውም፤ ለመቅረት ያ ሰበብ እንኳ አልነበረም። አንሴልም ጓሮው ውስጥ አጎንብሶ ባሮ ሽንኩርት ይተክላል። ከስቷል፣ ሱሪው በገመድ ታስሯል።

«መንገድ ጠፋህ?» አለ ቀና ሳይል።

«ወዳንተ ነው የመጣሁት።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እሁድ ከእኛ ጋር እንድትመጣ ልነግርህ ነው። ሜዳ ሜዳውን እመርጣለሁ። ዳገት ካለም የመጨረሻው ሰው ደርሶ ሳያርፍ አይነሣም። ሕግ ሆኗል።»

«ማን ያወጣው?»

«እኔ።»

አንሴልም ቀና አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሲስቅ ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል፤ ታሟል የተባለው ያ ትከሻ ምንም የሆነ አይመስልም።

«ልንገርህ» አለ። «ዳገት ጨርሼ ስደርስ ያንተ ጫማ ፔዳሉ ላይ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ያኔ ጎማህ እንዲተነፍስ እጸልይ ነበር። ሁለቴ ተሰማልኝ። ሁለቱንም ቀን ደህና አድርጌ አረፍኩ።»

«አስታውሳለሁ። ጎማውን ስቀይር አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትዘፍን ነበር። ልታጽናናኝ መስሎኝ።»

«ደስ ብሎኝ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለማን ልንገር? ለጀርባህ?»



«ታዲያ ትመጣለህ?» አለ ፊርሜን።

«በምን? ብስክሌቱን ለልጅ ልጄ ሰጠሁት፣ እሷም ወደ ቦርዶ ይዛው ሄደች። ጉልበቴም አብሯት ሄዷል መሰለኝ። ያኔ ብትመጣ ኖሮ እመጣ ነበር።»

ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ፊርሜን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይህንን አንሴልም እንዳያይበት ብስክሌቱን ይዞ ወደ በሩ ዞረ።

«ወዴት ነው የምትሮጠው?» አለ አንሴልም ከኋላው። «ገና መጣህ እኮ። እዚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አረፍ በል።»

ፊርሜን ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። አንሴልም ወደ ችግኙ ተመለሰ። የሚቸኩል ሰው አይመስልም ነበር።