ወንድም ጋሼን የሸኘንበት ባሕር

ሮም ዳር በምኖርበት ሮማኒና በሚባል ሰፈር ጎረቤቶቼ እሑድ ከባሕር ሲመለሱ የጫማቸውን አሸዋ ደረጃው ላይ ያራግፋሉ። ያ ጨው ጨው የሚል ሽታ ሽቅብ ሲደርሰኝ፣ በደርግ ዘመን፣ ልጅ እያለሁ፣ በአሰብ የባሕር ዳርቻ በእግር የዋልንበት ቀን ይመጣብኛል።

አባቴ ከጎጃም ተዛውረው ወደቡ ላይ በጸሐፊነት ይሠሩ ነበር። የዚያን ዕለት እኔንና ታላቅ ወንድሜን ይዘው ማልደው ወጡ። ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ሲታሰሩበት ከአዲስ አበባ ሸሽቶ ቤታችን ተደብቆ የሰነበተ ነው። እኔ ሽርሽር ብቻ መስሎኝ ነበር። ለብ ያለው ውኃ ቁርጭምጭሚቴን እየላሰው ዛጎል ለቀምኩ፤ ዘንባባ ሥር አርፈን ቴምር በላን። ሸርጣን በጎን ሮጦ ሲያልፍ ወንድም ጋሼ፣ «እንደ ካድሬ ነው፤ ፊት ለፊት መሄድ አያውቅም!» ብሎ አሳቀኝ።

«ዝም በል አንተ! ግድግዳ ጆሮ አለው» አሉ አባቴ።

«እዚህ ግድግዳ የት አለ አባዬ?»

አባቴም ሳይወዱ ሳቁ።

ከተማው ከዐይናችን ሲርቅ አንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ይዞ ሲጠብቀን አገኘነው፤ ወንድም ጋሼን ወደ የመን ሊያሻግረው ኖሯል። ወንድሜ የአባቴን ጉልበት ሳመ፤ መረቁት። ጀልባዋ ስትነሣ አጥማጁ፣ «ሂዱ፣ ሂዱ፣ አትቁሙ!» አለን።

በአባቴ አገር ግን ሽኝት ሥርዓት አለው፤ መንገደኛ ከዐይን ሳይሰወር ጀርባ አይሰጡትም፣ ገደ ቢስ ያደርገዋል ይባላል። ደጋ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ጥቂት እንደተራመደ ኮረብታው ይጋርደዋል። ባሕር ኮረብታ የለውም። ነጩ ሸራ እያነሰ፣ ነገር ግን ሳይጠፋ፣ ከቀትር እስከ አመሻሽ ታየ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደቆሙ ቀሩ። እጃቸውን ይዤ ብጎትታቸው፣ «ትንሽ ቆይ፣ ገና ይታያል» አሉ። ዳርቻውን የሚጠብቁት ወታደሮች ሲደርሱብን ሸራው አሁንም ይታይ ነበር።

አባቴ ከእስር አልተመለሱም። ወንድሜም የመን መግባቱን የነገረን ሰው የለም። ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ሁሉ ለዓመታት ጠየቅሁ፤ አሁን መጠየቁንም ትቻለሁ።

ዛሬ ዛሬ እኅቴን ልጠይቅ ወደ ቦሎኛ ስሄድ ልጄ ቲቡርቲና አውቶቡስ ጣቢያ ታደርሰኛለች። አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ፣ «ቫ ቤኔ፣ እሺ በቃ አባዬ፣ ሲደርሱ ይደውሉልኝ» ብላ፣ ስልኳን እያየች ጀርባዋን ትሰጠኛለች። የእኔ ትውልድ ይህን ንቀት ይለዋል፤ እኔም ደንብ ሲጣስ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። እርሷን ግን በመስኮቱ በዐይኔ እከተላታለሁ፤ ሕዝቡ ቶሎ ሲሰውርልኝ እፎይ እላለሁ።