ተርቦቹን ወደ ቄራ ሳደርስ

ካዛንቺስ፣ ገና ሲነጋጋ

ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ጭኔ ላይ አፉ በስስ ጨርቅ የታሰረ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ከጉንዳን ያነሱ ተርቦች። ያረባቸው ነፍሳት የሚያጠናው ጓደኛዬ ደረጀ ነው። ሰው አይነድፉም። እህል ውስጥ የተደበቀውን የነቀዝ ትል ፈልገው እንቁላል ይጥሉበታል፤ የሚፈለፈለው እጭ ትሉን ይበላዋል። «ዛሬውኑ ልቀቃቸው፤ ፀሐይና መድኃኒት እንዳይነካቸው» ብሎኛል።

አክስቴ እትዬ አልማዝ ቄራ እህል ይሸጣሉ። ስንዴያቸው ነቀዝ ገብቶበታል። የነቀዝ ክኒን እንዳይጠቀሙ ባላቸው ጋሽ ወንድሙ አስም አለባቸው፤ የሚተኙትም ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። አምና የጎረቤት ክኒን ሽታ ሆስፒታል አስገብቷቸዋል። ስንዴው ካልተረፈ ግን ሱቁ ይዘጋል።

ቡልጋሪያ ማዞሪያ፣ ረፋድ

መንገዱ ተዘጋግቷል። ጋራዦቹ በር ላይ ሞተር ይጮኻል። ፀሐይ በመስኮቱ ገባች፤ ጃኬቴን አውልቄ ጠርሙሱን ሸፈንኩት።

«ማር ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

«ተርብ ነው።»

አጠገቤ የነበረችው ሴት ቦርሳዋን አንስታ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች።

«ካመለጡህ በቃ ሁላችንም ወራጅ ነን» አለ ሹፌሩ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ቄራ

ሥጋ ቤቶቹ ተከፍተዋል፤ ዝንቡም ሥራ ጀምሯል። እትዬ አልማዝ በር ላይ ጠብቀው አገላብጠው ሳሙኝ።

«ግባ የኔ ልጅ። ዝንቡ እንዳያሳፍረኝ ብዬ መጋዘኑን ከጥግ እስከ ጥግ መድኃኒት ረጭቼልሃለሁ።»

ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። መድኃኒቱ ተርቦቹንም እንደሚፈጃቸው ስነግራቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«እኔ እኮ ለዝንቡ ነው የረጨሁት» አሉ ቀስ ብለው።

ከወዲያኛው ክፍል ሳል ተሰማ።

«እኔ ጋ አልተረጨም» አሉ ጋሽ ወንድሙ። «በሩን በእርጥብ ጨርቅ ደፍናልኛለች። አልጋዬ ሥር የተረፈ ስንዴ አለ፤ እሱም ነቅዟል። በጓሮ በኩል ግባ።»

ገባሁ። ጆንያውን ጎትቼ አፉን ከፈትኩ።

«የመጋዘኑ ሽታ እስኪወጣ እዚህ ይራባሉ» አልኳቸው።

«ማታ አፌ ውስጥ ቢገቡስ?»

«አፍህን ዝጋ» አሉ እትዬ አልማዝ ከውጭ።

ጨርቁን ፈታሁት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልወጣም። ኋላ አንዷ ስንዴው ላይ ወርዳ ቆመች፤ ቀጥሎ ወደ ውስጥ መራመድ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። ቀና ስል የጋሽ ወንድሙ ፊት ቀልቷል። እንዳይበትኗቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።